የሚሮጡት የአውቶቡስ ቴፖች

ዲጄነትን ከተውኩ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም። ሚስቴ «ጡረታ የወጣ ሰው እንዲህ ነው እንዴ የሚዞረው» እያለች ትቀልድብኛለች። ጠዋት ከቤት እወጣና ፍኖተ ሰላምን ከዳር እስከ ዳር አካልላለሁ፤ ሙዚቃ የተከፈተበት ደጃፍ ስደርስ ሳላስበው ቆም እላለሁ። ባጃጅ ውስጥ የሚጮኸውን ዘፈን ሰምቼ «ይኼ ከስልክ ወደ ስልክ ሲላላክ የደከመ ነው» እላለሁ ለራሴ። የጠየቀኝ ሰው ግን የለም።

በቅርቡ አንድ ሰው ጠየቀኝ። ቀን ቀን ስልክ እየጠገነ በፍላሽ ዘፈን የሚጭን፣ ማታ ደግሞ አንድ ሆቴል ውስጥ የሚያጫውት ጎልማሳ ነው። «ጋሼ ይበልጣል፣ ክለብ ውስጥ የፋይል ጥራት እውነት ለውጥ ያመጣል? ሰው ጠጥቶ ነው የሚጨፍረው፤ ማን ልብ ይለዋል?» አለኝ። ልመልስለት ጀመርኩና መሐል ላይ አቆምኩ። አዎ ብል ግማሹን መደበቅ ሆነብኝ፣ አያመጣም ብል የኖርኩበትን ሥራ መካድ ሆነብኝ። «ሌላ ቀን እነግርሃለሁ» ብዬ ሄድኩ። ቤቴ ገብቼ ይኼን መጻፍ ጀመርኩ፤ እሱንም እየተነሣሁ እየተቀመጥኩ ነው የምጽፈው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ስማቸው ናቸው። መንግሥት በተለወጠ ሰሞን ፍኖተ ሰላም መናኸሪያው ፊት ለፊት ሙዚቃ ቤት ነበራቸው። ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ፣ ኦርጅናል ካሴት ይሸጣሉ፣ ከሁሉ በላይ ግን ይቀዳሉ። ያኔ ሰው ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል፣ የሚወደውን ዘፈን ይናገራል፣ ማግስቱን ተመልሶ ይወስዳል። ከመራዊ እስከ ደምበጫ፣ ከማንኩሳ እስከ ቡሬ በየሻይ ቤቱና በየአውቶቡሱ የሚሰማው ዘፈን አብዛኛው በእሳቸው እጅ ያለፈ ነበር። ካሴቱ ጀርባ ላይ ያለውን የተቆለመመ የእጅ ጽሑፋቸውን የማያውቅ ሹፌር አልነበረም።

ጋሽ ስማቸው በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ የኔታቸው ብራና ጸሐፊ ነበሩና ሲገለብጡ እያዩ ነው ያደጉት። ካሴት መቅዳትንም ከዚያ ለይተው አያዩትም ነበር። እኔ ተቻኩዬ ካሴት ሳስረክብ ካዩኝ ጠርተው ያስቀምጡኛል። «ቅጂ አደራ ነው፣ ይቤ። አንድ ፊደል የገደፈ ጸሐፊ ከእሱ በኋላ የሚገለብጠውን ሁሉ ያስታል» ይሉኛል። ስለዚህ የተቀዳውን ካሴት ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳያዳምጡ ከእጃቸው አያወጡም። ኦርጅናሉን ጥቂት ያሰማሉ፣ ቅጂውን ጥቂት ያሰማሉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ያስተያያሉ። ደንበኛው አውቶቡስ ሊያመልጠው ነው ብሎ ደጃፍ ላይ ይንቆራጠጣል፤ እሳቸው ወይ ፍንክች።

ሌሎችም ልማዶች ነበሯቸው። የመቅጃውን ራስ በጥጥና በደምበጫ አረቄ ያጸዱ ነበር፤ ያቺን አረቄ ለሌላ ጉዳይ ሲያነሷት አይቼ አላውቅም። ቅቤ የነካ እጅ የካሴት ክር አይነካም። ደግሞ ድምፅ ማጉያ በተከሉበት ሁሉ፣ ሰርግም ይሁን ስብሰባ፣ መሣሪያው አጠገብ አይቆሙም። ነጠላቸውን ያጣፉና ከአጥሩ ውጪ ወጥተው፣ ከማሳው ዳር ቆመው ያዳምጣሉ። የሰርግ ድምፅ መጀመሪያ የሚደርሰው ለዳሱ ሰው አይደለም፣ ከወንዙ ማዶ ላለው ጎረቤት ነው ይሉ ነበር። መጥፎ ድምፅ ከአጥር ሳያልፍ ይሞታል፣ ደኅናው ቃሉን እንደያዘ ይሻገራል። ይኼን ከእሳቸው ወርሼ እኔም እስከ መጨረሻው ድረስ ሰው እየሳቀብኝ ከአጥር ውጪ ስወጣ ኖሬያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ያናድዳቸው ነበር፤ የአውቶቡስ ቴፕ። መናኸሪያው ፊት ለፊት ስለሆነ የቀዷቸው ካሴቶች ቀኑን ሙሉ እየጮኹ ያልፋሉ። ፊታቸው ይከፋና «ስማው፣ ስማው፣ ይሮጣል። የአውቶቡስ ቴፕ ሁሉ ይሮጣል፤ ከባትሪው ኃይል ይበዛበታል መሰለኝ» ይሉኛል። ሹፌሮቹን እየለመኑ «አምጣው ላስተካክልልህ» ይሏቸው ነበር። አንዱ እሺ ብሎ አስፈታውና አስተካከሉለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣና ከአዲስ አበባ የገዛው ኦርጅናል ካሴት እየተጎተተ ነው ብሎ ጮኸባቸው። ጋሽ ስማቸው ኦርጅናሉን ጠርጥረው አለፉት።

መቅጃቸው ያረጀች ነበረች። እኔ ከመምጣቴ በፊት ሞተሯ ተቃጥሎ፣ ከአንድ ከተጣለ ቴፕ ሞተር ነቅለው እሳቸው ራሳቸው ገጥመውላታል። ይኼ ሥራቸው ትልቁ ኩራታቸው ነበር። እንግዳ በመጣ ቁጥር ክዳኗን ከፍተው ያሳያሉ፣ «እቺ ሞተር እኔን ቀብራ ነው የምትቆመው» ይላሉ።

ከሳቸው ጋር ዓመታት ቆይቼ አንድ የፍኖተ ሰላም ሆቴል ቀጠረኝ። ደመወዙ ከምሳው የሚሻል አልነበረም። የራሴን መሣሪያ ገዝቼ ንግድ ፈቃድ ላወጣ ስሄድ ደግሞ ዲጄ የሚባል ሥራ መዝገባቸው ላይ ስላልነበረ የኤሌክትሮኒክስ ጥገና ብለው ጻፉልኝ፤ እስከ መጨረሻው በዚያው ኖርኩ። የሆቴሉ ባለቤት የሚያውቁት ጥራት አንድ ብቻ ነበር፤ መጮህ። ድምፁ መንገድ ላይ ካልተሰማ «ዛሬ አመመህ እንዴ?» ይሉኛል። እሳቸውን ትቼ ወደ ገጠር ሰርግ ወጣሁ። ሞንታርቦውን በጋሪ፣ ጄኔሬተሩን በአህያ እያስጫንኩ ያልደረስኩበት ቀበሌ የለም። ጾም ሲገባ ሥራ ይቆማል፤ ሁለቱን ወር መቀመጥ ከማጫወት ይበልጥ ያደክመኝ ነበር።

ከዚያ ፋይል የሚባለው መጣና ሰው ሁሉ ዲጄ ሆነ። ደምበጫ አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው ጓደኞች «ሁሉም ዘፈን እዚህ ውስጥ አለ» ብለው ፍላሽ ሰጡኝ። በስልክ ሲሰሙት ምንም አይልም። በሞንታርቦ ስከፍተው ከበሮው ሆድ የለውም፣ ጭብጨባው ዘይት ላይ እንደወደቀ ሽንኩርት ይንጫጫል። ፋይሉ ቦታ እንዳይፈጅ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጣለው ጆሮ ቶሎ የማያስተውለው ነገር ነው፤ ትልቅ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ባዶውን ቦታ አጉልቶ ያወጣዋል። ሰው ምን እንደጎደለው አያውቅም። አንዱ ራሴን አመመኝ ይላል፣ አንዱ አየር ልቀበል ብሎ ይወጣል፣ ዳሱ ሳይታወቅ ይሳሳል። ከአጥሩ ውጪ ወጥቼ ሳዳምጥ ቃል የሚባል አልነበረም፤ ጫጫታ ብቻ ነው። የራሴን የድሮ ካሴት ስከፍት ትከሻው ሁሉ ተመለሰ። ከዚያ ቀን በኋላ የተጨመቀ ፋይል አላጫውትም ብዬ ማልኩ፣ በዚህም ስሜ ወጣ።

ስሜን የሰሙት ወይዘሮ ትሁኔ ናቸው። በእህል ንግድ ያደጉ፣ ቆፍጣና የቡሬ ሴት ናቸው፤ ሆቴላቸው ምድር ቤት ውስጥ ክለብ ሊከፍቱ ነበር። አዳዲስ ድምፅ ማጉያ አስመጥተው ዘፈኑን ግን ለእኔ ተዉልኝ። አዲስ አበባ ወርጄ ከኦርጅናል ሲዲ አንድ በአንድ ገለበጥኩ፣ ምንም ሳልጨምቅ። ሰው የሚያውቀውን ዘፈን እንዲህ ጠርቶ ሲሰማው ምን ሊሆን ነው እያልኩ መንገዱን ሁሉ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በመክፈቻው ቅዳሜ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ሰርግ ያለሱ አይሞቅም የሚባለውን፣ ምዕራብ ጎጃም በሙሉ የሚያውቀውን ዘፈን ከፈትኩ። ድምፁ የምንጭ ውሃ ነው። የማሲንቆው ጅማት ሲፋቅ ይሰማል፣ ዘፋኙ ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማል። ሰው እልል ብሎ ተነሣ። ትከሻቸውን ጀመሩት፤ ከዚያ አንዱ ከአንዱ ሳተ። ሁሉም ከበሮውን እየቀደሙት ነው፤ ይቆማሉ፣ ይጠብቁታል፣ ደግሞ ይቀድሙታል። አብረው ለመዝፈን የሞከሩትም ድምፃቸው ከዘፋኙ በላይ እየሆነ አልገጠመም። እየተሳሳቁ ተቀመጡ። አንዲት ሴት በአጠገቤ ስታልፍ «ይኼ ዘፈን ታሟል እንዴ?» አለችኝ። ሌላ ከፈትኩ፣ እሱም እንደዚያው ሆነ።

በማግስቱም፣ በሚቀጥለው ሳምንትም ያው ነው። ገመድ ቀየርኩ፣ ድምፅ ማጉያውን አዞርኩ፣ መብራት ኃይሉ ወርዶ ነው ብዬ በጄኔሬተር ሞከርኩ። ደህና እንቅልፍ አልነበረኝም፣ የምበላው አይታወቀኝም። በሥራዬ ዘመን እንደዚያ ያፈርኩበት ጊዜ የለም። ወይዘሮ ትሁኔ ቆጣ አላሉም፤ ሒሳብ እንደሚሠራ ሰው ረጋ ብለው አዩኝ።

«በጥራት ነው የቀጠርኩህ» አሉኝ። «ጥራትህ ግን ሰው ያስቀምጣል።»

ልብሴን ሸክፌ ልወጣ ባሰብኩበት ሳምንት መኪናው የተበላሸችበት የባሕር ዳር መስመር ሹፌር ቡሬ አደረ። ክለቡ ገብቶ ሲያየኝ አሾፈብኝ፤ ኪሱ ውስጥ የነበረ ካሴት አውጥቶ እስቲ ይኼን ሞክረው አለኝ። የድሮ ካሴት ማጫወቻዬን ከመሣሪያዎቹ ጎን አልጣልኩትም ነበርና ከፈትኩለት። ያው ዘፈን ነው። ክሩ ያረጀ፣ ሽሽ የሚለው ሽሽታው ከማሲንቆው በላይ የሚሰማ፣ መንገድ የበላው ካሴት ነው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ትከሻው ገጠመ፣ ዝማሬው ገጠመ፣ ወይዘሮ ትሁኔም ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። በአንድ ጆሮዬ ካሴቱን፣ በሌላው የእኔን ንጹሕ ፋይል ይዤ ሳስተያይ ካሴቱ ጥሎት ይሄዳል፤ ድምፁም ትንሽ ከፍ ይላል። የካሴቱን መያዣ ገልብጬ አየሁ። የጋሽ ስማቸው የእጅ ጽሑፍ ነው።

ዲጄዎች ፒች የምንላት ፍጥነት መጨመሪያና መቀነሻ ተንሸራታች ቁልፍ አለች፤ መሐል ላይ ስትሆን ዘፈኑ እንደተፈጠረው ይሄዳል። ፋይሉ ካሴቱን እስኪደርስበት ድረስ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ ገፋኋት። ሁለቱ ሲገጥሙ ከአንዲት አስተናጋጅ ቀይ የጥፍር ቀለም ተውሼ ቁልፏ የቆመችበት ላይ ነጥብ አደረግኩ። ከዚያ ወዲያ ቡሬ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። ድምፁ የጠራ፣ ፍጥነቱ ደግሞ ሰው የለመደው ሆነ። ወይዘሮ ትሁኔ ምን እንዳደረግኩ አልጠየቁኝም፤ ሰው መነሣቱ በቂያቸው ነበር።

እኔን ግን ዕረፍት ነሣኝ። ሰኞ ዕለት ፍኖተ ሰላም ተመልሼ ጋሽ ስማቸው ሱቅ ገባሁ። አንድ ካሴት በመቅጃቸው ቀድቼ እዚያው በመቅጃዋ ከፈትኩት፤ ልክ ነው። ያንኑ ካሴት ቡሬ ወስጄ ስከፍተው ይሮጣል። ያኔ ገባኝ። ከሌላ ቴፕ የተነቀለችው ሞተር ክሩን ቀስ እያለች ነው የምትጎትተው። ቀስ ብላ የቀዳችውን ራሷ ቀስ ብላ ስታጫውተው ልክ ይመጣል፤ በሌላ ማጫወቻ ሲገባ ግን ይፈጥናል። ጋሽ ስማቸው እያንዳንዱን ቅጂ እስከ መጨረሻው ያዳመጡት በዚያችው በቀዳችው መሣሪያ ነበር። በትጋታቸው ምክንያት ስሕተቱ አልታያቸውም። አገሩ በሙሉ ትከሻውንም ጉሮሮውንም ያሠለጠነው በእሳቸው ቅጂ ነው።

ልነግራቸው ሄጄ ነበር። «ጋሽ ስማቸው፣ የመቅጃዋ ሞተር...» ብዬ ስጀምር ፊታቸው በራ። «አየሃት? እስከ ዛሬ ኮሽ ብላ አታውቅም» አሉኝ። ዋጥ አደረግኩት። ያ ሁሉ ካሴት፣ ያ ሁሉ ዓይን ጨፍኖ ማዳመጥ፣ ያ የብራና ጸሐፊ ነገር በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው።

ከዚያ በኋላ ከቡሬ መራዊ፣ ከመራዊ እንደገና ፍኖተ ሰላም እየተዘዋወርኩ ሠራሁ። ማጫወቻ በቀየርኩ ቁጥር መጀመሪያ የማደርገው ቀይ ነጥቧን ማኖር ነበር። በሄድኩበት ሁሉ ፍርሃቴ አንድ ነው፤ አንዱ አዋቂ ነኝ ባይ ሄዶ ይነግራቸዋል። ሰርግ ላይ ሳያቸው መሣሪያዬ ላይ ጎንበስ እላለሁ። እሳቸው ግን ከአጥር ውጪ ቆመው አዳምጠው ሲመለሱ «ድምፅህ ጥሩ ነው፤ መሣሪያህ ግን እንደ አውቶቡሶቹ ይሮጣል፣ አሳየው» ይሉኝና ይሄዳሉ።

ካሴት ሲሞት ሱቁን ዘግተው አገራቸው ማንኩሳ ገቡ። መቅጃዋን ይዘዋት ሄዱ፤ ምክንያቱ ባለቤታቸው እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። እትዬ ጥሩወርቅ የመጨረሻ ልጃቸው ሰብለ ገና ትንሽ ሳለች ነው ያረፉት። በሕይወት ሳሉ የጎረቤት ልጅ ስትዳር ሰርግ ዘፈን ሲያወጡ፣ ጋሽ ስማቸው ማይክሮፎን ከዳሱ ምሰሶ ላይ ሰቅለው በመቅጃዋ ቀድተዋቸዋል። የቀረላቸው ድምፅ ያ ብቻ ነው። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያቺን ካሴት ከፍተው ይቀመጡ ነበር።

አንድ ዓመት ሁዳዴ ሊገባ ሲል ማንኩሳ ድረስ አስጠሩኝ። ሰብለ ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ነው። ጋሽ ስማቸው መደብ ላይ ተቀምጠው፣ መቅጃዋ ክዳኗ ተከፍቶ አጠገባቸው ነበረች።

«ይቤ፣ ሞተሯ ቀደመችኝ» አሉኝ። «ካሴቷን በጎረቤት ቴፕ ሞከርኳት፤ እሷ አይደለችም። ያስሮጣታል፣ የማላውቃት ኮረዳ ያረጋታል። አንተ ዘንድ ደኅና ማጫወቻ አለ። ፋይል አርገህ አስቀምጣትና ለሰብለ ሰርግ በትልቁ ትሰማ። ጥራቷን ጠብቅልኝ፤ ሌላ አልልህም።»

በጾም ዘፈን ስለማይሰሙ ለፋሲካ ሳምንት ቀጠርኳቸው። ያ ጾም አላልቅ አለኝ። ካሴቷን ባለኝ ምርጥ ማጫወቻ ከፍቼ ሳልጨምቅ ገለበጥኩ። ሽሽታውን በኮምፒውተር ላጸዳው ሞክሬ ከሽሽታው ጋር የሴቶቹ ጭብጨባ ጥግ ጥጉ ሲሄድ አይቼ ተውኩት። ከዚያ ፍጥነቱን ቡሬ ላይ ወደ ላይ የገፋሁትን ያህል ወደ ታች አወረድኩት። እትዬ ጥሩወርቅ መጡ፤ ወፈር ያለው፣ የማይቸኩለው ድምፃቸው፣ በልጅነቴ ሱቁ ውስጥ ስማር ምሳ እንድበላ ሲጠሩኝ የማውቀው። እንዲህ አርሜ እሰጣቸዋለሁ፣ ምንም አልናገርም፣ አያውቁም አልኩ። ደግሞ ተነሥቼ እዞራለሁ። ልማዳቸውን ረስቼው ነበር።

በፋሲካ ሳምንት ፍኖተ ሰላም ቤቴ መጡ። ወንበር ሰጠኋቸው፣ ፋይሉን ከፈትኩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንባቸው በጉንጫቸው ሲወርድ አልጠረጉትም። ሲያልቅ «እሷ ናት» አሉ። ተነሥቼ ላጠፋ ስል እጃቸውን ዘረጉ።

«ኦርጅናሉን አሰማኛ» አሉ። «ሳላስተያይማ እንዴት እወስዳለሁ?»

እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ካሴቷን ማጫወቻው ውስጥ አስገብቼ ከፈትኩ። ያቺ ኮረዳ መጣች፣ ቀጭን፣ የምትቻኮል። ጋሽ ስማቸው ዓይናቸውን ገለጡ። መጀመሪያ ማጫወቻውን፣ ቀጥሎ እኔን አዩኝ። ካሴትዎ ልክ ነው፣ የእኔው ማጫወቻ ነው የሚሮጠው ብል ያምኑኝ ነበር። ቃሉ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሳቸው ግን አልጠየቁኝም፤ ባለሙያ ናቸው። ከአዲስ አበባ የመጣ ኦርጅናል ካሴት እንድሰጣቸው አዘዙኝና በገዛ እጃቸው አስገብተው ሰሙት። አይሮጥም። አውጥተው የሚስታቸውን ካሴት መለሱ፤ ይሮጣል። አጠፉትና እጃቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«እንግዲህ የአውቶቡሶቹ ጥፋት አልነበረም» አሉ።

ከመቼ ጀምሮ እንደማውቅ ጠየቁኝ፤ ከቡሬ ጀምሮ አልኳቸው። ቀይዋን ነጥብ አሳየኋቸው፣ ለምን እንዳኖርኳትም ነገርኳቸው። ጎንበስ ብለው ብዙ ጊዜ አዩዋት። «አንድ ፊደል የገደፈ ጸሐፊ...» ብለው ጀመሩና ሳይጨርሱት ዘንጋቸውን አንሥተው ወጡ። አልተከተልኳቸውም።

እስከ ሰርጉ ድረስ ወሬያቸውን አልሰማሁም። የእትዬን ድምፅ ይተዉት ይሆን፣ ሌላ ዲጄ ይጠሩ ይሆን እያልኩ ተብሰለሰልኩ። ማንም አልከለከለኝምና በዕለቱ ዕቃዬን ጭኜ ማንኩሳ ገባሁ። ዳሱ በጎረቤትና በዘመድ ሞልቷል። ጋሽ ስማቸው አዲስ ጋቢ ለብሰው እንግዳ ይቀበላሉ፤ ለእኔ ከሩቅ ራሳቸውን ነቀነቁ እንጂ አልቀረቡኝም።

ሰብለን ሚዜዎቿ ይዘው ከቤት ሲያወጧት የእናቷን ድምፅ ከፈትኩ፣ ባስተካከልኩት ፍጥነት። ያን ጊዜ ከእትዬ ጥሩወርቅ ጋር የዘፈኑ ሴቶች ዛሬ አርጅተው ከዳሱ ጥግ ተቀምጠዋል። እትዬ ጥሩወርቅ ዘፈኑን አውጥተው ለተቀባይ ሲያቆሙ፣ ከሞንታርቦው ጭብጨባ ቀድመው እነዚያ ሴቶች ተቀበሏቸው። ሰብለ መራመድ አቅቷት ቆመች። ጋሽ ስማቸውን በዓይኔ ፈለግኳቸው፤ ዳሱ ውስጥ የሉም። በአጥሩ በላይ አሻግሬ ሳይ ከማሳው ዳር፣ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው ቆመዋል።

ዘፈኑ ሲያልቅ ጭፈራ መጀመር አለበት። እጄ እንደ ልማዷ ወደ ቀይዋ ነጥብ ሄደችና ቆመች። ዛሬ፣ በእሳቸው ልጅ ሰርግ፣ በእሳቸው ጆሮ ፊት ያን ስሕተት ከፍቼ ላሰማ? አልሆንልኝ አለ። ቁልፏን መሐል አደረግኩና ያንን የታወቀ ዘፈን እንደተፈጠረው ለቀቅኩት። ሴቶቹ ብድግ ብለው ትከሻቸውን ጀመሩት፤ ከዚያ እንደ ቡሬዎቹ ከበሮውን ቀደሙት፣ ጠበቁት፣ እርስ በርስ ተያዩ። አንዲቱ ልትቀመጥ ወንበሯን ያዘች።

ጋሽ ስማቸው በሰው መሐል እየገፉ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። መነጽራቸውን አድርገው መሣሪያውን ፈለጉ። ከዚያ በዚያ አረቄና ጥጥ በለመደ ጣታቸው ቁልፏን ቀስ አድርገው እስከ ቀይዋ ነጥብ ገፏት።

«ለምደውታል» አሉኝ። «ዛሬ ብታቀናው የሚሳሳቱት እነሱ ናቸው።»

ትከሻው ሁሉ ገጠመ፤ ወንበሯን የያዘችውም ለቀቀችው። ጋሽ ስማቸው ጥቂት አይተዋቸው ጋቢያቸውን አጣፉና ሊያዳምጡ ተመልሰው ከአጥሩ ውጪ ወጡ።